የዞሮ ገብ በር

ሐጂ ይመር ከእኛ ተለዩ። ባለፈው ዓርብ የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ሰዉ ገና ከመስጊዱ ግቢ ሳይበተን፣ ራሳቸው በገነቡት ቤት ውስጥ፣ ቀኝ እጃቸውን ተንተርሰው እንደተጋደሙ ወደ አኼራ ሄዱ። ወሬው ከወይራ አምባ ተነሥቶ መካነ ሰላም ለመድረስ አንድ ሰዓትም አልፈጀበት። በማግሥቱ ከማሻ፣ ከአጅባር፣ ከወረኢሉ ሳይቀር ሰው በመኪና እየተጫነ መጣ። ቤት የገነቡለት፣ ምንጭ ያጎለበቱለት፣ ቁርኣን አስቀርተው ያስተማሩት፣ ከወንድሙ ያስታረቁት ሁሉ መጣ። መምጣት ላልቻላችሁ፣ መጥታችሁም ከሰዉ ብዛት የተነሣ ከመቃብሩ ላልደረሳችሁ ይህን እጽፋለሁ።

እኔ አስረስ ነኝ፤ የመምሬ ልጅ፣ ግንበኛው። ከሐጂ ይመር ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ አንሥቻለሁ። በቀብሩም በሰደቃውም ላይ ብዙ ተነገረ። «ደግ ነበሩ፣ አዛኝ ነበሩ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ» ተባለ። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ደግ ሳይባል የተቀበረ ሰው አላየሁም። ለሐጂ የጅምላ ምስጋና አይበቃቸውም። ደግሞም እኔ ብቻ የማውቀው፣ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ የኖረ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ብቀር ሙያ ያስተማሩኝ እጆቻቸው ይታዘቡኛል።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው። አባቴና እኔ የደብራችንን የሚካኤልን አጥር እየገነባን ሳለ ሐጂ በቅሏቸውን እየሳቡ በመንገዱ ሲያልፉ ቆም አሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጣማቸው የማይላላ ሰው ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግንቡን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም አባቴን «መምሬ፣ አይከፉብኝና ይህ ግንብዎ ቀምሷል» አሏቸው።

አባቴ ቀልድ አያልፋቸውም ነበር። «ጠላው የማኅበር ነው ሐጂ፤ እምቢ አይባልም» አሉ።

ሐጂ በቅሏቸውን አሰሩ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ያዘመመውን አስፈርሰው ሦስት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ገነቡ። ሲጨርሱ አባቴ «ምን እንስጥዎ?» ቢሏቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይህን ልጅዎን ይስጡኝ። እጁ ጥሩ ነው፤ ዓይኑ ግን ይቸኩላል። ቱንቢ ይዞ ቱንቢ አያይም።» እኔ ያን ጊዜ ሚስት አግብቼ ጎጆ የወጣሁ፣ ራሴን ከአገሩ ግንበኛ ሁሉ አንደኛ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርሁ። ተናድጄ ነው የሄድሁት። ተናድጄ ከሄድሁበት ግን ሳልመለስ ቀረሁ።

ጠዋት ጠዋት ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ኪታቡን አጥፈው ሲባጓቸውን ወገባቸው ላይ ይጠመጥማሉ። መስጊድም ሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ቤተ ልሔምም ሠሩ፣ የመበለት ጎጆም አቆሙ። አንዱ «ሐጂ፣ ለካህናት ቤት ይሠራሉ?» ብሎ ሲነካካቸው ቱንቢውን ከፊቱ አንጠልጥለው «ይኸው፣ ሃይማኖቱን ጠይቀው» አሉት። «ቱንቢ አያዳላም፤ ለሁሉም ወደ ታች ነው የሚወርደው።»

አሁን ስለ ቀን መቁጠሪያው ልናገር፤ ያለ እሱ ሐጂን ማወቅ አይቻልም። ከሐጅ ሲመለሱ ጂዳ ላይ አብሯቸው የከረመ አንድ ነጋዴ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጥቷቸው ነበር። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሐጂ ግን ወር በገባ ቁጥር ገጹን ይገልጡ ነበር፤ በየገጹ የአንድ አገር መስጊድ ፎቶግራፍ ነበረበትና። ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን የፈረንጅ ጽሕፈት የመካነ ሰላም ትምህርት ቤት አስተማሪ አንብቦላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ሰምተው አልረሱትም። ሥራ ባልነበረን ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው ያሳዩኝ ነበር። እኔ የአባይን ማዶ እንኳ ተሻግሬ የማላውቅ ሰው፣ በሐጂ ግድግዳ ዓለምን ዞርሁ።

የኢስታንቡሉን ሲያሳዩኝ ትልቁ ጉልላት በትንንሾቹ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በጣታቸው ይከተሉት ነበር። «ሽማግሌ በልጆቹ ትከሻ ተደግፎ ሲቀመጥ አይተህ የለ? ሸክሙን አልጣለባቸውም፤ አካፈላቸው እንጂ።» የኢስፋሃኑ ከሥር እስከ ላይ በሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ ነው። እሱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ይጠርጉና ሥዕሉን ዳሰስ ያደርጉታል። የቻይናው ጉልላት የለውም፤ ጣሪያው እንደ አገሩ ቤት ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። እኔ «ይህስ መስጊድ አይመስልም» ብል «አላህ ቻይንኛ የማይሰማ መሰለህ?» አሉኝ።

ከሁሉ የሚወዱት የማሊውን፣ የጄኔን መስጊድ ነበር። ትልቅነቱ ያስደነግጣል፤ ግን እንደኛ ቤት ጭቃ ነው። ከግድግዳው ላይ ብዙ እንጨቶች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። ሐጂ ብዙ ዘመን «እነዚህ ሰዎች ለወፍ ማረፊያ እንኳ አሰቡ» እያሉ ያደንቁ ነበር። በኋላ አስተማሪው መጽሐፍ አይቶ ለመራጊ መወጣጫ መሆኑን፣ የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ መስጊዱን በጭቃ እንደሚመርገው ነገራቸው። ሐጂ ተሳስተው በመገኘታቸው ደስ አላቸው። «የበለጠ ነው እንጂ! በየዓመቱ የሚመረግ ቤት በየዓመቱ ይታሰባል» አሉ።

የስፔኑ የኮርዶባ መስጊድ ደግሞ አለ። ውስጡ ዓምድ በዓምድ ነው፤ ከዓምዶቹ በላይ ቀይና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ቅስት አለ። ሚህራቡ፣ ማለት ኢማሙ ፊት ለፊቱ የሚቆምበት፣ ወደ መካ የሚያመለክተው የግድግዳው ጎድጓዳ፣ እንደሌላው ጠባብ ቀዳዳ አይደለም። ሰው የሚገባበት በር ይመስላል። ይህን ሥዕል አስቡልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሐጂ ምኞት አንድ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት አንድ መስጊድ ከእነ ጉልላቱ መሥራት። በእኛ አገር ሣር ነው፣ ሲሞላለት ቆርቆሮ ነው። እሳቸው ግን በጓሯቸው በጭቃ ጡብ ትንንሽ ጉልላት ይሠራሉ፣ ይጎብጣል፣ ይፈርሳል፣ ደግመው ይሠራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በቆሙት ውስጥ ዶሮ ያሳድሩባቸው ነበር። «ወላሂ፣ ወሎን ብትዞሪ እንደ እኔ ዶሮዎች ያማረ ቤት ያለው የለም» ይሉ ነበር ለጎረቤት።

የወይራ አምባ አሮጌው የሣር መስጊድ የወደቀው ዝናቡ በቀረበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያን ዘመን የማያውቅ ልጅ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? በበልጉ የጠበቅነው ዝናብ ሳይመጣ ቀረ፤ በክረምቱም ደመናው እያየን አለፈ። ከብቱ ቀድሞ አለቀ። ሰዉ በየመንገዱ ወደቀ።

ሐጂ በዚያ መሐል «መስጊዱን በድንጋይ እንሠራለን» ሲሉ ብዙ ሰው አእምሯቸው የተነካ መሰለው። እሳቸው ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ያለው ሁሉ ዘካውን ወደዚያ እንዲያመጣ ለመኑ። እትዬ ዘይነባ በትልቅ ድስት የገብስ አጥሚት ያፈሉ ነበር። ድንጋይ ያነሣ ይጠጣል፤ ማንሣት ያቃተውም ይጠጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሰልፍ ነው። ሰው የሚለምን ሳይሆን የሚሠራ ሆኖ እንዲበላ ነበር ሐሳባቸው። ሕጋቸውም አንድ ነበር፤ ማንም ሳይጠጣ ድንጋይ አይነካም። «በባዶ ሆድ የተነሣ ድንጋይ መስጊድ አይሆንም» ይሉ ነበር።

መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው ሊጀመር ሲል ጎተራው ተሟጠጠ። ሐጂ ወረኢሉ ያሉ ደረሶቻቸውን፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን፣ ወዳጆቻቸውንም እህል ሊለምኑ ሰባት አህያ አስነድተው ተነሡ። የሄዱ ዕለት ጠዋት ሥራውን ለእኔ አስረከቡኝ። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «አስረስ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገህ አቁመው። አትቸኩል።»

እኔም «አብሽሩ ሐጂ፤ አውቃለሁ» አልኋቸው።

ቂብላ፣ የሶላት አቅጣጫ፣ ወዴት እንደሆነ የማያውቅ የወሎ ክርስቲያን የለም። ጎረቤቶቻችን በቀን አምስት ጊዜ ሲሰግዱ እያየን ነው ያደግነው፤ ከእኛ አገር ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። በዚያ አልተሳሳትሁም። የተሳሳትሁት «ፊቱን» በሚለው ቃል ነው። ለግንበኛ የቤት ፊት ማለት በሩ ያለበት ነው፤ ጀርባው በር የሌለው ነው። ይህን ማንም ባለሙያ ጠይቁ፤ ሌላ አይነግራችሁም። ለሐጂ ግን የመስጊድ ፊት ማለት ሰጋጁ ፊቱን የሚያዞርበት፣ ሚህራቡ ያለበት ግድግዳ ነው። እሳቸው ግድግዳ አሉኝ፤ እኔ በር ሰማሁ። በሩን ወደ ቂብላ አድርጌ አቆምሁት። መንደሩም በዚያው በኩል ስለሆነ ይበልጥ አማረልኝ።

የሚያይ ሰው አልጠፋም። እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን ማማሰያቸውን እንደያዙ መጥተው ቆሙ።

«አንተ አስረስ፣ ይህ በር ወዴት ነው?»

«ወደ ቂብላ ነዋ እትዬ ዘይነባ። ሐጂ ያዘዙት ነው።»

«እኛስ ስንሰግድ ፊታችን ወደ በሩ ሊሆን ነው?»

ያን ጊዜ ብነቃ ምን ነበረበት። ኩራቴ አላስነቃኝም። «እርስዎ አጥሚቱን ይያዙልኝ፤ ግንቡን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኋቸው። «እሺ ጌታው» ብለው ሄዱ። ሌላው ሰው ሐጂ ያዘዙት ነው ሲባል ዝም አለ። ረኀብ ደግሞ ሰውን ክርክር ያስጠላል።

ሐጂ በወሩ ተመለሱ። ከሰባቱ አህዮች አራቱ ብቻ ነበሩ የተረፉት፤ እሳቸውም ጉንጫቸው ሰርጉዶ ነበር። ግድግዳው ከበሩ ጉበን ደርሷል። በበሩ ገቡ፤ ዞሩና ለሶላት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። በበሩ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከዚያ «አስረስ» አሉኝ፣ «እዚህ ሆኜ የማየው የራሴን ቤት ነው። ዘይነባ አጥሚት ስታማስል እያየሁ ነው የምሰግደው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መዶሻዬን አንሥቼ «አሁኑኑ አፈርሰዋለሁ» አልሁ። ሐጂ እጄን ያዙ። ወደ በሩ ደፍ፣ ወደዚያ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመለከቱኝ። ያን ድንጋይ ያመጣው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበር፤ እሳቸው በሄዱበት ወር ሞቷል። «ይህን ያስቀመጠው ሰውዬ የለም። ማንን አስፈቅጄ ላንሣው?» አሉ። «እያንዳንዱን ድንጋይ የተሸከመው የተራበ ሰው ነው። ፍረሱና ድገሙ አልላቸውም።»

በነጋታው ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳቸው አውርደው ይዘውት መጡ። የኮርዶባውን ገጽ ገልጠው በበሩ ላይ አስደገፉት። «እስቲ እይ፤ ይህ ሚህራብ ነው ወይስ በር?» አሉኝ። ሁለቱንም አየሁ፤ ሥዕሉንና የእኔን ስሕተት። ቁመታቸው እንኳ ይቀራረባል። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ከአባይ ቆላ ቀይ ድንጋይና ነጭ ድንጋይ አስመጣን። በሩን በውጭ በኩል ደፍነን፣ በውስጥ በኩል ጎድጓዳውን ተውነው፤ በላዩ ቀይና ነጭ እያፈራረቅን ቅስት ሠራንለት። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። አዲስ በር በደቡብ በኩል ከፈትን። ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ የሚመጣ ሰው መስጊዱን ዞሮ ነው የሚገባ። ስሙም በዚያው «ዞሮ ገብ» ሆኖ ቀረ።

ጣሪያው እንዳለቀ፣ አዝመራው ገና ሳይደርስ፣ የእርዳታ እህል መጣ፤ ማስቀመጫ ጠፋ። ሐጂ ገና ያልተሰገደበትን አዲስ መስጊድ ለእህሉ ለቀቁት፤ እሳቸውና ጀመዓው፣ ሰጋጁ ሁሉ፣ በውርጭ ውጭ ሰገዱ። ከዚያ በር ስንት እናት ስንዴ ተሸክማ እንደወጣች እኔ አይቻለሁ። ሚስቴም አንዷ ነበረች።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስሁ። አብዮቱ መጣ። በአካባቢያችን አዳዲስ ሹሞች ተሾሙ፤ የማንን ስም እንደምጠራ ለማወቅ አትድከሙ፣ አልጠራም። በዋርካው ሥር ስብሰባ ተጠራ። «በድርቅ ዘመን የሰፊውን ሕዝብ ጉልበት አባክኖ በርን በስሕተት ያሠራና መልሶ ያስደፈነ ማነው?» ተባለ። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ይታሰር ነበር፤ ሳይመለስ የቀረም ነበር።

እኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጫለሁ።  ሐጂ ወደ እኔ ዞረው እንኳ አላዩም። ተነሡና «ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉ የእኔ ነው» አሉ። «ግንበኛውስ?» ሲባሉ «ግንበኛው እንደነገርሁት ነው የሠራ» አሉ። አንዲት ውሸት አልተናገሩም። እኔም አንዲት እውነት አልተናገርሁም።

ሐጂ ክረምቱን ሙሉ ታሰሩ። በዚያው ክረምት የመካነ ሰላም ሰዎች ትልቅ የድንጋይ መስጊድ ሊያሠሩ ተመካክረው ነበር፤ ከእነ ጉልላቱ። ከድርቁ በፊት ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥራ ቢነሣ የሐጂ እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም። «በርና ሚህራብ የማይለይ ሰው» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሥራው ከደሴ ለመጣ ሌላ ግንበኛ ተሰጠ። ሐጂ ከእስር ሲፈቱ መሠረቱ ተቆፍሮ ደረሱ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ያ ጉልላት የሳቸው ነበር። ይህን ልናገር ነው ብዕር ያነሣሁት።

በተፈቱ ማግሥት በዝናብ እኔ ቤት መጡ። ተደብቄ ነበር፤ ሚስቴ «የለም» እንድትል ነግሬያታለሁ። እሷ ግን በሩን ከፈተችላቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አፉ በሉኝ ሐጂ» አልሁ፤ በእኛ አገር ይቅር በሉኝ ማለት ነው፣ ክርስቲያኑም ይለዋል።

«አፉ ብያለሁ» አሉኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተኛውን የሦስት ሳምንት ልጄን አዩ። «ያን ቀን በዋርካው ሥር ይህ ልጅ በሆድ ነበር። እኔ ብታሰር ለዘይነባ ጎረቤት አለላት። አንተ ብትታሰር ለእነዚህ ማን ነበራቸው?» አሉ። ሕፃኑን አቀፉት፣ ዱዓ አደረጉለት፣ ካፖርታቸውን አራግፈው ሄዱ። ልጄ ዛሬ በአጅባር መምህር ነው። ይህን ሲያነብ ለምን ሐጂ ባዩት ቁጥር ግንባሩን ይስሙት እንደነበር ያውቃል።

የከተማው መስጊድ ሲመረቅ ሐጂ ከፊት ቆመው ሰገዱ። እኔ ውጭ ጠበቅኋቸው። ወጥተው ቀና ብለው ጉልላቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ቅሬታ ከአፋቸው ጠበቅሁ። «እጁ ይባረክ፤ የድንጋዩ ስፌት ጥሩ ነው» ብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቂም የሚባል ነገር አልተፈጠረባቸውም። ሌላ ጊዜ «ድንጋይ አያኮርፍም፤ ካኖርህበት ይኖራል። ከእሱ ብማር ምናለበት?» ብለውኛል።

ጉልላቱን ግን ሠሩት። ከወይራ አምባ በታች ያለችውን ምንጭ ከብት እየረገጠ ያደፈርሳት ነበር። ሐጂ በድንጋይ ከበቧት፤ በላይዋ ላይ ጉልላት ደፉባት፤ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ያማረ። ወይዛዝርቱ «የሐጂ ቁባ» ይሏታል፤ ቁባ ማለት ጉልላት ነው። የጁምዓውም የእሑዱም ሰው ከእሷ ይቀዳል። የመረቁ ዕለት «ሐጂ፣ ለውሃ ጉልላት ምን ያደርግለታል?» ብላቸው «ለእኔ ያደርግልኛል» አሉኝ። የቀረባቸው ጉልላት እንደቆጫቸው ከአፋቸው የሰማሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

ከመሞታቸው ከሳምንት በፊት ልጠይቃቸው ሄድሁ። እትዬ ዘይነባ ቀድመዋቸው ካለፉ ቆይተዋል፤ የልጅ ልጃቸው ነበረች የምታስታምማቸው። ቀን መቁጠሪያው ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆኖ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር። «ሐጂ፣ ሰው ይወቀው፤ ልናገር» አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። «ያን በር የደፈንነው አንተና እኔ ነን። ምን ልታደርግ ትከፍተዋለህ?» አሉኝ። 

በቀብራቸው ቀን ሰላተል ጀናዛው፣ የሬሳው ሶላት፣ በዞሮ ገብ ሆነ። እኔ ክርስቲያን ነኝና ከሶላቱ አልገባሁም፤ እግሬ ወስዶ በሰሜን በኩል፣ በደፈንነው በር በውጭው ፊት አቆመኝ። የሽማግሌው ደፍ አሁንም እዚያው ነው፤ እሱ ላይ ቆምሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጀመዓው ተሰልፏል። ሬሳቸው ከፊት፣ ከሚህራቡ ሥር ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ ሲያዞር ወደ እኔ ማዞሩ ነበር። ከእኔና ከሐጂ መካከል ያ በእጄ የደፈንሁት ግንብ ብቻ ነበር። «አላሁ አክበር» ሲሉ ድምፁ በድንጋዩ አልፎ መጣብኝ። ዝም ብዬ መቅረት እንደማልችል እዚያ ቆሜ አወቅሁ።

ስለዚህ እናንተ የወይራ አምባ ሰዎች፣ የመካነ ሰላምም ሽማግሎች፣ እወቁት። በርና ሚህራብ ያልለየው ሐጂ ይመር አልነበሩም። እኔ ነኝ፤ አስረስ። እሳቸው ስሜን በግንብ ሸሸጉልኝ፤ የራሳቸውን ስም ለዝናብ ተዉት። አሁን ወጣቶቹ መስጊዱን አስፍተው ሊያድሱ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። አድሱት፣ አስፉት፣ ጉልላትም ይኑረው፤ እሳቸውም ይህን ነበር የሚወዱት። ያን ቀይና ነጭ ቅስት ግን አትንኩብኝ።

ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ። አትክፈተው ያሉኝን በር ዛሬ ከፈትሁት። ቃልዎን ሳላከብር የቀረሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያው ባለማወቅ ነበር፣ ይህ ግን አውቄ ነው። ስንቱን ሰው ሸክሙን አቀለሉለት፤ የእኔን ብቻ ተሸክመውት ኖሩ። ይበቃዎታል፤ አሁን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ በሄዱበት ቤት የተሳሳተ በር የለም ይባላል። እንግዲህ ዞረው አይግቡ ሐጂ፤ በፊት ለፊቱ ይግቡ።